የሚስተር ሩፈስ ግማሽ ጢም

እሁድ ረፋድ ላይ ሚስተር ሩፈስ ቲልማን በገዛ ፀጉር ቤታቸው፣ በገዛ ወንበራቸው ላይ፣ ጉሮሯቸው በምላጭ ተቆርጦ ተገኙ። ግማሽ ጢማቸው ተላጭቷል፤ ግማሹ ላይ አረፋው ደርቋል። ሰፈሩ ሁሉ «ሌባ ነው» አለ።

«ጢም የሚላጭ ሌባ ገና አላየሁም» አለች ኢንስፔክተር ቨርኔታ ግሪር።

ሜምፊስ ውስጥ ያንን ፀጉር ቤት የማያውቅ ልጅ የለም። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጮክ ብሎ ያላነበበ አይስተካከልም። ንባቡ ሲያልቅ ሚስተር ሩፈስ ከራሳቸው የፈጠሩትን ተረት ይቀጥሉና ልብ ሰቃዩ ቦታ ላይ ያቆሙታል፤ ለዚህስ እኔም ልጅ ሳለሁ ተቀይሜያቸው አውቃለሁ። መጨረሻውን ቀድሞ የሚሰማው ኮሌጅ የተቀበለው ልጅ ብቻ ነው። እሱ ሲላጫቸው እሳቸው መጨረሻውን ይነግሩታል፤ ከዚያ ኮሌጁ እንዲቀበለው የጻፈውን ድርሰት በቃሉ ያስወጡታል።

ዘንድሮ መልስ የሚጠብቁት ሦስት ነበሩ፦ ጃባሪ፣ ላታቪያና ኤሞሪ። ግሪር በዚያው ቀን በሟቹ ቤት ሳሎን አገኘቻቸው።

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ?» ስትል ጃባሪን ጠየቀችው።

«መዘምራን ጋር» አለ ጃባሪ። «ድምፄን ያልሰማ የለም፤ ሰምቶ ያልተማረረም የለም።»

ላታቪያ ታለቅሳለች። «ተረቱ እንኳ ሳያልቅ! ልጅቷን ወንዝ ዳር ጥለዋት ሄዱ!»

«አይዞሽ እህቴ» አለ ኤሞሪ አቅፏት። «የበቅሎዋን ጭራ ይዛ ተሻግራለች።»

ሰፈሩ «ሚስ አርሊን» የሚላቸው የሟቹ ባለቤት ቀና ብለው አዩት።

ሰኞ ግሪር ሁሉንም ፀጉር ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሚስተር ሩፈስ አንገታቸውን ለማን ይሰጣሉ?»

«ኮሌጅ ለገባ ልጅ» አለ ጃባሪ። «ግን ማናችንም መልስ አላገኘንም።»

«አንዳችሁ አግኝቷል። ሚስ አርሊን፣ ልጅቷ ወንዙን እንዴት ተሻገረች?»

«የበቅሎዋን ጭራ ይዛ» አሉ ሚስ አርሊን። «ሩፈስ ተረቱን መጀመሪያ በእኔ ላይ ነበር የሚሞክረው። ከእኔ በቀር የሰማ የለም።»

«ገምቼ ነው!» አለ ኤሞሪ።

«በጀልባ ብትል ግምት ነው፤ በድልድይ ብትል ግምት ነው። የበቅሎ ጭራን ማን ይገምታል? እየላጨሃቸው ነግረውሃል። ላታቪያን ልታጽናና ስትል ራስህን አጋለጥክ። ዛሬ ኮሌጁን ጠየቅሁ፤ ዓርብ ዕለት ተቀብለውሃል። ስለ ወንድምህ ሞት የጻፍከው አስለቅሷቸዋል።»

«የምን ወንድም?» አለች ላታቪያ። «ኤሞሪ ወንድም የለውም።» ከዚያ ገባት። «አስም አፍኖት እጄ ላይ የሞተው የእኔ ወንድም ነው!»

ግሪር ወደ ኤሞሪ ዞረች። «ሚስተር ሩፈስም የወንድሟን ሞት ያውቁ ነበር። ድርሰቱን በቃልህ ስትወጣላቸው ምን አሉህ?»

«ለኮሌጁ ሰዎች እውነቱን ንገራቸው፣ አለዚያ እኔ እነግራቸዋለሁ አሉኝ» አለ ኤሞሪ። «ለዚያች ቦታ ስንት ዓመት ለፍቻለሁ! ምላጩ ደግሞ እጄ ላይ ነበር።»

«አባት ሆኖ አሳደገህ!» አሉ ሚስ አርሊን።

ላታቪያ ፊት ለፊቱ ቆመች። «እኔ ራሴ አልጻፍኩትም እኮ። የወንድሜ ሞት ማመልከቻ ማሳመሪያ አይሆንም ብዬ ተውኩት። አንተን አምኜ ነው የነገርኩህ። ስሙን ማን ብለህ ጻፍከው?»

ኤሞሪ አቀረቀረ። «ጠፋብኝ። ሌላ ስም ሰጠሁት።»

አልጮኸችም፤ አልመታችውም።

«ሊዮንቴ» አለችው። «ሊዮንቴ ነበር የሚባለው።»

ግሪር ካቴናውን አሰረችበት።