የፀጉር አስተካካዩ ሪዝ

ዳገቱ እኩሌታ ላይ ሲደርሱ ብስክሌቱ ድንገት ከበደ።

«አባዬ፣ እየገፋህ ነው?» አለች ድንቡሼ ከኋላ።

«እየገፋሁ ነው!»

አልነበረም። ባለ ሁለት መቀመጫ ብስክሌት ላይ ከኋላ የተቀመጠ ሰው መንገዱን አያይም፤ የሚያየው ከፊቱ ያለውን ጀርባ ብቻ ነው። እግሩ ግን ሁሉንም ያውቃል። የፊትና የኋላ ፔዳሎች በሰንሰለት ስለተያያዙ አባቷ ባይገፋም እግሮቹ ከእሷ እግሮች ጋር አብረው ይዞራሉ። ከሩቅ ለሚያይ ሁለት ሰው እየለፋ ነው። እውነቱን የሚያውቀው እየተቃጠለ ያለው የድንቡሼ ጭን ብቻ ነበር።

ድንቡሼ የሚለው ስም በሕፃንነቷ በጉንጮቿ የተነሳ የወጣላት ነው። አሁን አሥራ አምስት ዓመት ሞልቷታል። ጉንጮቹ ከጠፉ ቆይተዋል፤ በተለይ ይህ ልምምድ ከተጀመረ ወዲህ እንጨት አክላለች። ስሙ ግን አልለቅም ብሏል።

አባቷ ፍሬን ያዘ። «ትንሽ ውሃ እንጠጣ» ብሎ ወረደና የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። ውሃውን ግን አልነካውም። በአንድ እጁ ደረቱን ተጭኖ አቀርቅሮ ቆየ። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ላቡ ከአገጩ ላይ ጠብ ጠብ ይላል።

«ምን ሆንክ?»

«ምንም። ጨጓራዬ ነው።»

«ባለፈውም ጨጓራዬ ነው ብለህ ነበር። ክንዴንም አመመኝ ብለሃል። ጨጓራ ክንድ ላይ ምን ይሠራል?»

አባቷ ሊስቅ ሞከረና ሳቁ መሃል ላይ ተቋረጠ። ድንቡሼ ቆማ ቁልቁል አየችው። የራስ ፀጉሩ እንደ ድሮው ጥቁር ነው። በእነዚህ ሳምንታት ከከንፈሩ በላይ የበቀለው ሪዝ ግን ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኖ ነው የወጣው። ዕድሜውን ሙሉ በየማለዳው ሲላጭ ስለኖረ እዚያ ቦታ ሽበት ይኖራል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም፤ እሱም ራሱ ጭምር።

«ለእናትሽ እንዳትነግሪያት» አለ። ትንሽ ተንፍሶ ደግሞ ጨመረ፦ «ለጋሼ በተለይ።»

ነገሩ የተጀመረው በአባቷ ፀጉር ቤት ውስጥ ነው። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሁለት መስተዋት፣ ሁለት ወንበር፣ ሁለት ፀጉር አስተካካይ። አንዱ አባቷ ነው። ሁለተኛው ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮት የሠራ ጓደኛው ሲሆን ደንበኞች ጋሽ ማበጠሪያ ይሉታል። ረጅምና ቀጭን ነው፤ ከፊት ጥርሶቹ ሁለቱ ስለወለቁ ስሙን ራሱ ነው ለራሱ ያወጣው። ድንቡሼ ግን ጋሼ ብቻ ነው የምትለው።

የጋሼ ኩላሊት ሥራ ካቆመ ወዲህ በየጊዜው ሐኪም ቤት ሄዶ ደሙን በማሽን ያሳጥባል። ሐኪም ቤቱ ያለው ማሽን አንድ ነው፤ እሱም ሲለው ይሠራል፣ ሲለው ይበላሻል። የተበላሸ ቀን ጋሼ ፊቱ አብጦ፣ እግሩን እየጎተተ ይመለሳል። አንድ ቀን ለሁለተኛ ማሽን መግዣ ገንዘብ የሚሰበሰብበት የብስክሌት ጉዞ እንደተዘጋጀ ተሰማ። አባቷ ቤቱ በደንበኛ ሞልቶ ሳለ ቶንዶሱን አጥፍቶ አስቀመጠና ተናገረ።

«እኔም እነዳለሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ይቺን ከንፈሬን ምላጭ አይነካትም። ሪዜን ባያችሁ ቁጥር ጠይቁኝ። ከቀረሁ አሳፍሩኝ!»

ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ከዚያን ቀን ወዲህ ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሪዙ ነው። ቀኑን ሙሉ መስተዋት ፊት ለሚቆም ሰው ደግሞ ፊቱ ላይ የበቀለ ቃል ኪዳን የሚረሳ አይደለም።

ብስክሌቱን ያዋሰው ሠርግ የሚያነሳ ፎቶ አንሺ ደንበኛ ነው። ሙሽሮች እየተቀመጡ ፎቶ የሚነሱበት ነጭ ብስክሌት ነበር። የፕላስቲክ አበቦቹ ተነስተዋል፤ አበቦቹ የታሰሩበት ሽቦ ግን ቀርቶ የድንቡሼን ሱሪ በየቀኑ ይቦጭቃል። የኋላው መቀመጫ ለእናቷ የታሰበ ነበር። እናቷ ልብስ ፋብሪካ ቀኑን ሙሉ ቆማ ነው የምትውለው። «እኔ እንኳን ፔዳል ልገፋ እግሬን ጫማ ውስጥ ማስገባት አቅቶኛል» አለች። ዕጣው ለድንቡሼ ደረሰ።

መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር። አሁን ግን ማለዳ ስትነሳ ደክሟት ነው፤ ስትተኛም ደክሟት ነው። ክፍል ውስጥ ደብተሯ ላይ ተደፍታ ስታንቀላፋ ትያዛለች። በነጩ ብስክሌት የተነሳ የክፍሉ ልጆች «ሙሽሪት መጣች!» እያሉ ሙድ ይይዙባታል። «ፋዘርን በቃኝ በይው አቦ» አለቻት አጠገቧ የምትቀመጠው ጓደኛዋ። ድንቡሼ ራሷን መልሳ ደብተሯ ላይ ደፋች።

የዚያን ዕለት ምሽት እናቷ ከሥራ ገብታ እግሯን ሳፋ ውስጥ ነክራ ተቀምጣ ነበር። አባቷ ጓዳ ገብቶ ተኝቷል።

«የአባትሽ ፊት ደስ አላለኝም» አለች እናቷ ዓይኗን ሳትከፍት። «ልምምዱ ላይ ደህና ነው?»

«ደህና ነው» አለች ድንቡሼ።

ቃሉ እንዲህ በቀላሉ ከአፏ መውጣቱ አስደነገጣት። እናቷም አመነቻት። የደከመ ሰው ደህና ነው ሲሉት ደስ ይለዋል እንጂ አይመረምርም። ድንቡሼ የሒሳብ ደብተሯን ከፍታ አንድ ጥያቄ ላይ አፈጠጠች። በአባቷ ተናዳለች። ይህን ያህል ከባድ ነገር አሸክሟት እሱ መተኛቱ አናደዳት። ደግሞ ከግድግዳው ማዶ ትንፋሹን ለመስማት ጆሮዋን አቁማ እንደተቀመጠች አወቀችና እንባዋ መጣ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ፀጉር ቤቱ ሄደች። አባቷ የሁለት ሰው ሥራ ለብቻው መሥራት ከጀመረ ወዲህ ወለሉን የምትጠርገው እሷ ናት። ጋሼ እጥበት በሌለው ቀን እንደሚያደርገው በራሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሥራ ባይሠራም ወሬውን ይመራል።

«ሪዙ እኮ ሽማግሌ ሆኖ ነው የተወለደው» አለ ወንበሩ ላይ ፊቱን በሳሙና አረፋ ተቀብቶ የተንጋለለው ደንበኛ።

«ለካ ሰውዬው እስከ ዛሬ ዕድሜውን ነው ሲላጭ የኖረው!» አለ ጋሼ።

ሳቁ። አባቷም ሳቀ። ደንበኛው ዓይኑን ጨፈነ፤ አባቷ ምላጩን አንስቶ ጉንጩን ጨረሰና ወደ አንገቱ ወረደ። እዚያ ላይ እጁ ቆመ። ምላጩን ቀስ ብሎ ከአንገቱ አራቀና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። በሌላው እጁ የመስተዋቱን መደርደሪያ ያዘ። ደንበኛው አላወቀም። ጋሼም በመስኮቱ ወደ መንገድ እያየ ነበር። ድንቡሼ ብቻ መጥረጊያዋን ይዛ ደርቃ ቀረች። አባቷ በመስተዋቱ ውስጥ አያት። ራሱን በትንሹ ነቀነቀ፤ ዝም በዪ ማለቱ ነው።

ሕመሙ ሳያልፍለት አልቀረም፣ ተመልሶ ሥራውን ጨረሰ። ደንበኛው አገጩን እየዳሰሰ፣ አመስግኖ ወጣ። ቤቱ ውስጥ ሦስቱ ብቻ ቀሩ።

«ነገ ጠዋት ትልቁን ዳገት እንሞክራለን» አለ አባቷ ፎጣ እያራገፈ። «ጉዞው እኮ ደረሰ።»

«ጎበዝ!» አለ ጋሼ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለማን ብለህ እንደምትለፋ እኮ አውቃለሁ።»

ድንቡሼ ወለሉን መጥረግ ቀጠለች። ለእናቷ ብትነግራት እናቷ ትቆጣለች። አባቷም እሺ፣ እሺ ይልና በነጋታው ሹልክ ብሎ ይወጣል። እዚህ ቤት ውስጥ፣ ሰው ፊት የገባውን ቃል አጥፎ አያውቅም። ከዚህ ቃል ሊፈታው የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ አባቷ በተለይ እንዳትነግረው ያላት ሰው ነው። ለጋሼ መንገር አባቴ በአንተ ምክንያት እየታመመ ነው ብሎ ለበሽተኛ መንገር ነው። ይህ ጠፍቷት አይደለም። ቤቷ ሄዳ መተኛትና ነገሩን ትልልቆቹ እንዲጨርሱት መተው አማራት። ችግሩ፣ ከትልልቆቹ መሃል የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም።

መጥረጊያውን ግድግዳ አስደገፈች።

«ጋሼ፣ አባዬን ደረቱን ያመዋል።»

«ድንቡሼ!» አለ አባቷ።

ወደ መስተዋቱ አላየችም። ጋሼን ብቻ እያየች ቀጠለች። «ዳገት ላይ መግፋት ያቅተዋል። ክንዱንም ያመዋል። አሁን ራሱ ሰውየውን ሲላጭ አሞት ቆሞ ነበር። ለእርስዎ እንዳልነግር ብሎኛል።»

ጋሼ ወንበሩን ወደ አባቷ አዞረ። «ስንት ጊዜ?»

«ኧረ ጨጓራ ነው፣ ልጅቷ...»

«ስንት ጊዜ አመመህ ነው ያልኩህ?»

አባቷ ፎጣውን ማጠፍ ጀመረ። አጥፎ ሲጨርስ ዘረጋውና እንደገና ማጠፍ ጀመረ። የጋሼ ፊት ተለዋወጠ። ድንቡሼ የፈራችው ይህንኑ ነበር፤ ያፈረና ያዘነ ሰው ፊት። አንድ አፍታ ባልተናገርኩ ብላ ተመኘች።

«በሽተኛው እኔ ሆኜ አንተ ተደብቀህ ትታመማለህ?» አለ ጋሼ። «ወረፋ ልትሻማኝ ነው?»

«ሰው ፊት ቃል ገብቻለሁ። ይሄ ሪዝ ፊቴ ላይ እያለ...»

«ሪዙን ተወው! አንተ ከሌለህ የት ሊበቅል ነው?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ቤቱ በሳቅ ይፈርስ ነበር። አሁን ግን ማንም አልሳቀም፤ ተናጋሪውም ጭምር። ጋሼ የወንበሩን ክንድ ተደግፎ በችግር ተነሳ። መርፌ በብዛት የገባበት ክንዱ ላይ ደም ሥሩ ገመድ ሆኖ ተጋድሟል። በዚያው ክንዱ የራሱን ወንበር አመለከተ።

«ና ተቀመጥ።»

«ደንበኛ ይመጣል...»

«ተቀመጥ ብዬሃለሁ።»

አባቷ ተቀመጠ። ድንቡሼ ፀጉር ቤቱን ካወቀች ጀምሮ አባቷ በሥራ ሰዓት ሲቀመጥ አይታ አታውቅም። እዚያ ላይ ሲያዩት ትንሽ ሰው ሆነ።

«አሁኑኑ ሐኪም ቤት እንሄዳለን» አለ ጋሼ ስልኩን ከኪሱ እያወጣ። «ዘበኛውም፣ ነርሶቹም፣ ሐኪሞቹም ያውቁኛል። ከዘመዶቼ ይልቅ እነሱ ጋ ነው የምውለው። ታክሲ እየጠራሁ ነው። ብስክሌቱን ደግሞ የሚነዳ አይጠፋም፤ ባይገኝም ይቅር።»

አባቷ ሊከራከር አፉን ከፈተ። መልሶ ገጠመው። ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ የወንበሩ መደገፊያ ላይ አሳረፈው።

«ደክሞኝ ነበር እኮ» አለ።

ለማንም አልነበረም የተናገረው። ጋሼ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ሌላውን እጁን የጓደኛው ትከሻ ላይ አኖረና እዚያው ተወው።

በሩ ተገፋና አንድ ጎልማሳ አንገቱን አስገባ። «ይሠራል?»

አባቷ በልማድ ሊነሳ ሲል ድንቡሼ ቀደመች። በሩ ላይ ቆመች።

«ለዛሬ ዘግተናል።»

«ነገስ?»

«እንጃ» አለች። ሰውየው እያጉተመተመ ሄደ። በሩን ከውስጥ ቆልፋ ተመለሰችና የአባቷን ስልክ ከመስተዋቱ መደርደሪያ ላይ አነሳች። ያለ ፈቃዱ ነክታው አታውቅም ነበር።

«ለማን ልትደውዪ ነው?» አላት።

«ለእማዬ።» ስልኩ ተቆልፏል። «መክፈቻው ስንት ነው?»

ድንቡሼ ጣቷን ስልኩ ላይ እንዳደረገች ጠበቀችው፤ ከተቆጣም ይቆጣ ብላ ቆርጣለች። እሱ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያም ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ነገራት።