የእማዋይሽ ጠርሙስ

«ቆልተሽ ጨምሪበት፤ ይጠጣልሻል።»

«ሳልቆላው ብጨምረውስ?»

«ያኔማ እሱም አብሮ ይሻግታል፣ አንቺ ሞኝ!»

ኢንስፔክተር ሰብለወንጌል ይህን የሰማችው በልጅነቷ ይፋግ ገበያ ላይ፣ ከእናቷ ኋላ ቆማ ነው። ሴቶቹ መሳቃቸውን ታስታውሳለች። ምኑ እንደሚቆላ፣ ምን ውስጥ እንደሚጨመር ግን ጠፍቶባታል።

በፍልሰታ ጾም፣ ሜዳው ላይ ውሃ በተኛበት ሰሞን፣ የቁሐር ሚካኤሉ ገበሬ አቶ አድማሴ ለቅዳሴ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ደጃፋቸው ላይ ሞተው ተገኙ። የደም ግፊት ነበረባቸው። በደማቸው ውስጥ የተገኘው ግን የስኳር መድኃኒት ነው፤ ስኳር የሌለበትን፣ ያውም የጾመን ሰው ይገድላል።

ወንድማቸው ሰውመሆን ጎረቤታቸውን ወይዘሮ እማዋይሽን በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ «መርዘኛ!» አላቸው። በሰኔ ያረፉት ባላቸው ስኳርም ግፊትም ነበረባቸው። ወይዘሮዋ ከአድማሴ ጋር በውሃ መውረጃ ቦይ ተጣልተው ተኳርፈዋል። ስለዚህ ታሰሩ።

ሰብለወንጌል በመጀመሪያው ቀን፣ ሟቹ መድኃኒት ይወስዱበት የነበረውን የወረታውን የርብ ዳር ሆስፒታል የመድኃኒት መደርደሪያ አሸገች። ቀጥላ አድማሴ ቤት የተገኘውን፣ የሆስፒታሉን የወረቀት ከረጢት ነጭ ሳህን ላይ ገለበጠችው። ትናንሽ ነጭ ክኒኖች ወረዱ፤ ከመሃላቸው አንዲት ጠቆር ያለች የሩዝ ፍሬ።

«ሩዝ አገር ሩዝ ቢገኝ ምን ይገርማል?» አለ ሰውመሆን።

«ይህቺ ተቆልታለች» አለች።

ወይዘሮ እማዋይሽ ጣቢያው ውስጥ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ነበር።

«እማማ፣ የባልዎ መድኃኒት የት ደረሰ?»

«መለስኩት። ጉልበቴ ድረስ ውሃ ገብቼ፣ ወረታ ሄጄ፣ በመስኮቱ ለዚያ ለይሄይስ ሰጠሁት። ‹የሞተ ሰው ነው፣ ሁለት ዓይነት ተቀላቅሏል፣ አቃጥሉት› አልኩት።»

«ምን አለዎት?»

«ምን ይለኛል! ስልክ ያወራል። በእጁ ‹ሂጂ፣ ሂጂ› አለኝ። ልጄ፣ ስትፈልጊ አክርሚኝ፤ ያላደረግኩትን አደረግኩ አልልም። ሚካኤል ያውቃል።»

«እንዴት ተቀላቀለ?»

«ጣሪያው አፍስሶ ወረቀቱ ራሰ። ክኒኑን ሰብስቤ አንድ ጠርሙስ ከተትኩት፤ እንዳይረጥብም ለጨው የምናደርገውን አደረግኩለት።»

ሰብለወንጌል ብዕሯን አስቀመጠች። የይፋግ ሴቶች ሳቅ ከሩቅ መጣላት።

የመድኃኒት ክፍሉ ኃላፊ ይሄይስ ግን ካደ። «ምንም አልመለሱም። ቢመልሱስ? ከሰው ቤት የተመለሰ መድኃኒት ተለይቶ ይወገዳል እንጂ መደርደሪያ አይነካም።»

«ደንቡን ያውቁታላ።»

«በደንብ ነዋ!»

በማግስቱ ሦስቱንም እዚያው መድኃኒት ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ክኒኑ የተገኘው በሆስፒታሉ ከረጢት ነው» አለች። «አድማሴ ከተኳረፉት ሰው እጅ መድኃኒት አይቀበሉም። ከዚህ መስኮት ግን ሁሉም ይቀበላል።»

«ተደብቃ ከረጢቱ ውስጥ ብትጨምርበትስ?» አለ ሰውመሆን።

«ከረጢቱ ውስጥ ጨምረዋል እንበል። እኔ ያሸግኩት ውስጥስ?»

እሽጉን ቀድዳ የግፊት መድኃኒቱን ዕቃ አወረደችና ትሪ ላይ ደፋችው። ክኒኖቹ ተንጫጩ። በመጨረሻ ከሥሩ የተቆላ ሩዝ ተዘረገፈ።

«ጨው እንዳይረጥብ ሩዝ ይቆላለታል። እማማም ለክኒኑ ይህንኑ አድርገዋል። ጠርሙሱ እዚህ ካልደረሰ፣ ይህ ሩዝ በምን መጣ?»

ይሄይስ ግድግዳውን ተደገፈ። «የግፊት መድኃኒት ጠፍቶ ነበር። ሰው ባዶ እጁን ሲመለስ አሳዘነኝ። ክኒኑ ሁሉ የግፊት መሰለኝና ዕቃው ውስጥ ገለበጥኩት…»

«ማዘንህን ተወው!» አሉ ወይዘሮ እማዋይሽ። «ነገርኩህ፤ አልሰማኸኝም። ሰውየው ሲሞት ደግሞ እኔ ስታሰር ዝም አልክ!»

ሰውመሆን ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

«ነፃ ነዎት፣ እማማ። ቤትዎ ይግቡ» አለች ሰብለወንጌል።

«አልነሣም። መርዘኛ የተባልኩት ሚካኤል ደጅ ነው። እዚያው ይነገርልኝ።» ወደ ይሄይስ ዞሩ። «እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ጠርሙሴን ይዘህ ‹እኔ ነኝ የሰጠሁት› ትላለህ። በየቤቱ የተረፈ መድኃኒት ሁሉ ተመልሶ እንዲቃጠልም አንተው ትነግራቸዋለህ።»

«ያን ሁሉ ሰው ፊት?»

«እኔን ያን ሁሉ ሰው ፊት አይደል የሰደቡኝ?»

ይሄይስ ኢንስፔክተሯን አያት።

«ከእስር ቤት አስወጥቼ እኔው አጅቤ እወስድዎታለሁ» አለችው።

ይሄይስ ትሪው ላይ ካለው ሩዝ አንዲት ፍሬ አነሣ።

«እሺ» አለ። «እሑድ እቆማለሁ። እናገራለሁ።»

ወይዘሮ እማዋይሽ ያኔ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ።