ያልተነቀለው ቡሽ

አባ ጠብታ በሱቃቸው የኋላ ክፍል፣ ከብረት መደርደሪያው ሥር፣ በጀርባቸው ተዘርግተው ተገኙ። ጎናቸው ላይ መሰላል ተጋድሟል። ከራሳቸው ሥር የፈሰሰው ደም ደርቋል። ጥግ ላይ ያለው ፕሪንተር ወረቀት አልቆበት ቀይ መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርጋል።

ሰውየው ይህን ስም ያገኙት በጥንቃቄያቸው ነው። የደንበኛን ባዶ ካርትሪጅ፣ የፕሪንተሩን ቀለም መያዣ፣ በመርፌ ሲሞሉ አንዲት ጠብታ መሬት ብትነካ ዘመድ የቀበሩ ያህል ይከፋቸው ነበር። ወረቀትም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ የተበላሸውን ገልብጠው ካልተጠቀሙበት እንቅልፍ አይወስዳቸውም። እንዲህ ያለ ሰው ከገዛ መሰላሉ ወድቆ ሞተ ቢባል ሰፈሩ «አይ ቀን!» ብሎ ይቀበል ነበር። ቀን ስንቱን ጠንቃቃ ጥሏል!

መጀመሪያ ያያቸው ጠጋኙ ነው። ጠጋኙ የሱቁ የፕሪንተር ሠራተኛ ሲሆን፣ ከልጅነቱ ጀምሮ አባ ጠብታና ሚስታቸው እቤታቸው ያሳደጉት፣ ሙያውንም እሳቸው ያስተማሩት ወጣት ነው። ጠዋት መሣሪያዎቹን ሊወስድ በራሱ ቁልፍ ከፍቶ ገባ፣ አየ፣ ጮኸ፣ ፖሊስ ጠራ፣ ከዚያ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ተንሰቀሰቀ። ለቅሶው ግን ንጹሕ ለቅሶ አልነበረም፤ እፍረት ተቀላቅሎበታል። ለምን መሣሪያውን ሊወስድ መጣ የተባለ እንደሆነ ምን ሊመልስ ነው?

ትናንት ቀትር ላይ አንዲት የትምህርት ቤት ጸሐፊ ፕሪንተሯን ታቅፋ መጥታ «ቀለማችሁ ውሃ ነው! ጽሑፉ ገርጥቶ ገርጥቶ፣ ጭራሽ ማሽኑንም ደፈነብኝ!» ብላ ሱቁን ድብልቅልቁን አወጣችው። በዚያ ሰሞን እንዲህ ብላ የመጣች የመጀመሪያዋ አልነበረችም። አባ ጠብታ ቱግ አሉና ደንበኛ በሞላበት «ቀለሜን ውሃ ያደረግኸው አንተ ነህ! ያሳደገህን እጅ ነከስክ! ውጣልኝ!» ብለው ጠጋኙን አባረሩት። እሱ አልነበረም። አንዲት ጠብታ ውሃ አልቀላቀለም። ግን ሰው ሁሉ ዓይኑን ሲተክልበት አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ያደረገውን ነገር ለማንም፣ ለእግዜሩም ቢሆን፣ መናገር አልፈለገም።

መርማሪዋ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ እርምጃዋ የቀስታ፣ አፏ የማያርፍ ጎልማሳ ሴት ናት። ሬሳውን አየች፣ መሰላሉን አየች። የመደርደሪያውን ሹል ጠርዝ በእጇ ባትሪ አብርታ ብዙ ቆየችበት። ቀጥላ ሰው ሁሉ ወዳላሰበው ነገር ሄደች፤ ከፕሪንተሩ አፍ የወጡትን ወረቀቶች አንስታ ታገላብጥ ጀመር። የአንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሰርተፊኬቶች ናቸው። ከታች ያሉት ጽሑፋቸው ደህና የሚነበብ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ግራጫ፣ ከዚያ መስመር መስመር፣ የተቀሩት ሁሉ ነጭ ባዶ ወረቀት!

«ይሄን ሁሉ ወረቀት!» አለች ለራሷ። ማሽኑን ከፈተች፣ ጥቁሩን ካርትሪጅ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው፣ እና ፈገግ አለች። ያየችውን ለማንም አልተናገረችም።

መጀመሪያ የጠራችው ጠጋኙን ነው።

«ትናንት ማታ የት ነበርክ?»

«ቤቴ ነበርኩ።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን። አሞኝ ተኛሁ።»

«ምንህን?»

«ራሴን...»

«ራስህን ያመመህ አሁን፣ እኔን ስትዋሽ ነው እንጂ ትናንት አይደለም» አለች መርማሪዋ፣ ያለ ቁጣ። «ወንድሜ፣ ስማኝ። ትናንት ሰው ፊት ተባረሃል። የዚህ ቤት ቁልፍ አንተም እጅ አለ። ሬሳውን ያገኘኸው አንተ ነህ። እነዚህ ሦስቱ ሲደመሩ ምን እንደሚሆኑ እኔ ልንገርህ ወይስ ታውቀዋለህ?»

ጠጋኙ መታሰሩን አይደለም የፈራው። ፍርሃቱ እትዬ ናቸው፤ የአባ ጠብታ ሚስት፣ ያጎረሱት፣ ያለበሱት፣ ትኩሳት ሲይዘው ራስጌው ያደሩ ሴት። እሳቸው በገዳይ ዓይን ካዩት ምን ሕይወት አለው? እውነቱን ቢናገር ደግሞ ሌላ ውርደት ነው። ከሁለቱ እፍረት የቱ ይሻላል ብሎ ሲያወጣ ሲያወርድ ቆየ።

«ማዶ ነበርኩ» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ እምብዛም ሳይሰማ።

«የት?»

«ከመንገዱ ማዶ ያለው ሱቅ፣ ተቀናቃኛቸው ዘንድ። ቅጠረኝ ብዬ ሄድኩ። የጋሼን የቀለም አቀማመም፣ የደንበኞቻቸውን ማሽን አመል ሁሉ ዘረገፍኩለት። ያስተማሩኝን አንድ ሳላስቀር። ከዚያ ቤቱ ወስዶኝ እዚያው አደርኩ።»

«ሌላስ?»

«ጀንበር ስትጠልቅ ጋሼ ደወሉልኝ። ስማቸው ስልኬ ላይ ሲበራ ሰውየው እያየኝ ነበር። አ... አላነሳሁም። ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት።» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «እትዬ እንዳይሰሙ፣ በሞቴ!»

መርማሪዋ ቃል አልገባችለትም። «እስቲ አንድ ነገር ንገረኝ» አለች። «የቢሯችን ፕሪንተር በሚሞላ ካርትሪጅ ነው የሚሠራው። ቀለም ሞላንለት፣ ትንሽ አተመና እየገረጣ እየገረጣ ባዶ ሆነ። ምን ሆኖ ይሆን?»

በዚያ ሁሉ ጭንቀት ውስጥ እንኳ ጠጋኙ ሳያስብ መለሰ። «ቡሽዋን አልነቀላችኋትም።»

ቀጥሎ የገባው የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። ፊት ለፊት ባንኮኒው ላይ ተቀምጦ ደንበኛ የሚቀበል፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የሚይዝ፣ ጥርሱ የማይከደን ሰው ስለሆነ ሰፈሩ «ሳቂታው» ይለዋል። ዛሬ ግን ጥርሱም ተከድኗል።

«ወንድሜን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ስወጣ ነው። ደህና ነበር» አለ። «ሥራ ሲበዛበት እዚሁ ማደር ልማዱ ነው። ጥቁሩን ቀለም ሞልቶ ማሽኑ ውስጥ ሲከት አይቼው፣ ደህና እደር ብዬው ወጣሁ። ማሽኑ ሲሠራ ጎረቤት ያለው ልብስ ሰፊ ሰምቷል፤ ጠይቂው።»

«ሲከት አይተሃል? ራሱ?»

«በዚህ ዓይኔ!»

መርማሪዋ ራሷን ነቀነቀችና ያንኑ የቢሯቸውን ፕሪንተር ጉዳይ አነሳችለት። ሳቂታው ደንበኛ የመጣለት ይመስል ወዲያው ነቃ አለ። «ቀለሙ አልቆ ይሆናል እኮ! አምጪው፣ ይሞላልሻል» አለ።

ልብስ ሰፊው ሽማግሌ ናቸው፤ የስፌት መኪናቸው ከአባ ጠብታ ማሽን ጋር አንድ ስስ ግድግዳ ይጋራል። «እውነት ነው፣ ታናሽየው ደህና እደር ብሎ ወጣ፤ ውስጥ ማሽኑ ጭር ጭር ይላል» አሉ። «የሟቹን ድምፅ ግን አልሰማሁም። ምን ነካው፣ ሁልጊዜ ማሽኑን እያናገረ ነበር የሚሠራው።»

እትዬ የተጠየቁት እቤታቸው ነው። በጥቁር ነጠላ ተጠቅልለው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ ስለ ቢሮው ፕሪንተር ሲጠየቁ ልክ እንደ ጠጋኙ «ቡሽዋስ?» አሉ። ከባላቸው ጋር ስንት ዘመን ጎን ለጎን ቀለም ሞልተዋል። ትናንት ባለቤታቸው ደውለው እንደሆነ ሲጠየቁ ግን ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

«አልደወለም» አሉ።

«እትዬ፣ ስልኩ የደወለውን ያውቃል እኮ።»

«የቤት ገመና ነው፣ ልጄ። ተዪኝ።»

መርማሪዋ ተወቻቸው። ከሰዓት በኋላ ግን ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ እትዬን ወንበር ላይ፣ ሳቂታውን ባንኮኒው ዘንድ፣ ልብስ ሰፊውን ደጃፉ ላይ፣ ጠጋኙን ግድግዳው ሥር። ጠጋኙ እትዬን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስታው ነበር።

«አንድ ነገር ልንገራችሁ» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «እኔ በዚህ ጉዳይ ሁለት የቢሮ ማሽን ያበላሸሁ ሴት ነኝ። ስለዚህ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ።» ጥቁሩን ካርትሪጅ ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። ጀርባው ላይ አንዲት ሚጢጢ የጎማ ቡሽ አለች። «ቀለም ሲሞላ ይህች ቡሽ የአየር ቀዳዳውን ትዘጋለች፤ አለዚያ ቀለሙ ይፈሳል። ማሽኑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ግን ትነቀላለች። ካልተነቀለች አየር አይገባም። አየር ካልገባ ቀለም አይወጣም። መጀመሪያ ትንሽ ያትማል፣ ከዚያ ይገረጣል፣ ከዚያ ነጭ ወረቀት! ይኸው፣ ሙሉ ነው፤ ቡሽዋም እንደተወተፈች ነው።»

ልብስ ሰፊው «ወይ ጉድ!» አሉ።

«አሁን ወረቀቶቹን እዩ። አባ ጠብታ በሕይወት ማሽኑ ዘንድ ቢኖሩ ኖሮ የመጀመሪያዋ ግራጫ ስትወጣ አያስቆሙም? ይሄን ሁሉ ነጭ ወረቀት ቆመው ያያሉ?»

«ያብድ ነበር» አሉ እትዬ በቀስታ።

«እንግዲያው ማሽኑ ሲሠራ እሳቸው መሬት ላይ ነበሩ። ማሽኑን የለቀቀው ሰው የፈለገው ሰርተፊኬት አይደለም፤ ድምፁን ነው። ልብስ ሰፊው እንዲሰሙ። ማሽኑ ግን ጥቁር ቀለም ጨርሶ ስለነበር ሳይሞላ አልነሳም አለ። ስለዚህ ሞላ። ማን ሞላ? ጠጋኙ ቢሆን ቡሽዋን ይነቅል ነበር። እትዬም እንዲሁ። ሲሞላ ብቻ አይቶ፣ ሲገባ ግን አይቶ የማያውቅ ሰው ነው የሳተው።» ወደ ባንኮኒው ዞረች። «ከዚህ ወንበር ላይ ሆነው በበሩ ሲያዩ መሙያው ጠረጴዛ ፊት ለፊት ይታያል፤ ማሽኑ ግን ከግድግዳው ወዲያ ነው። ተቀምጬ አይቼዋለሁ። ወንበሩ የማን ነው?»

ሳቂታው ሊስቅ ሞከረ። «ምን... ወንድሜ ደክሞት ረስቶ ይሆናል!»

«ምራቅ መዋጥ ይረሳል? አንተ ራስህ፣ ሲከት በዚህ ዓይኔ አየሁ አልከኝ። እሳቸው የከተቱት ካርትሪጅ ቡሽ አይኖረውም። አፍህ ነው ያሰረህ።» መነጽሯን አወለቀች። «እትዬ፣ አሁን ገመናውን ያውጡት። ይሄ የሚሸፈን አይደለም።»

እትዬ ነጠላቸውን ከአፋቸው አነሱ። «ጀንበር ሳትጠልቅ ደወለልኝ። ‹ዕቃ ቤት ያለውን ያልተከፈተ የሚመስል ጠርሙስ ሁሉ አየሁት፤ እሱም ውሃ ሆኗል። ዕቃ ቤት ደግሞ ልጃችን አይገባም› አለኝ። ማን እንደሚገባ ሁላችን እናውቃለን። የባሌ ወንድም ቀለሙን እየሰረቀ ውሃ የሚሞላ ሌባ ነው ብዬ ለፖሊስ ልናገር? አፈርኩ፣ ልጄ። እፍረት ይዞኝ ዝም አልኩ።»

«ልገድለው አልፈለግሁም!» ብሎ ጮኸ ሳቂታው። «ፊቴ ላይ ሌባ አለኝ! ገፋሁት፣ አንዴ ብቻ፤ ጠርዙ ላይ... ወዲያው ሞተ! ምን ላድርግ? ሞቷል!»

«አልሞቱም ነበር» አለች መርማሪዋ። «ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ሳይሞቱ ብዙ ቆይተዋል ብሏል። አንተ ቀለም ስትሞላ፣ መሰላል ስታጋድም፣ ይተነፍሱ ነበር። ድምፅህን አውጥተህ ብትጣራ ልብስ ሰፊው ግድግዳው ጀርባ ነበሩ።»

ሰውየው ባንኮኒውን ይዞ ቁልቁል ተንሸራተተ፣ እዚያው እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ። ፖሊሶቹ ደግፈው አስነሱትና ወሰዱት።

ለጠጋኙ ግን ነገሩ አላበቃም። ነጻ ነው፤ ማንም አይጠረጥረውም። ዝም ቢል ማዶ የሄደበት ጉዳይ እዚሁ ተቀብሮ ይቀራል። መርማሪዋ ወረቀቷን እየሰበሰበች አየችው፤ ግን አንዲት ቃል አልተናገረችም።

እትዬ ወደ እሱ ዞሩ። «ለአንተም ደውሎልህ ነበር፣ ልጄ። ‹ሰው ፊት አዋርጄዋለሁ፤ እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ ልጠይቀው ነው። እሱ እስኪመጣ ወንድሜን አላናግርም፣ ብቻዬን አልችልም› አለኝ። ስልኩን ሳታነሳበት መልሶ ደወለልኝ፤ ‹እንግዲያው ብቻዬን አናግረዋለሁ› አለኝ። ተኝተህ ነበር?»

«ተኝተህ ነበር» ብለው ማምለጫውን በእጃቸው ሰጡት። አዎ ቢል አለቀ።

«አልተኛሁም፣ እትዬ» አለ። «ማዶ ነበርኩ። ሙያቸውን ስሸጥባቸው ነበር። ሲደውሉ አይቼ ስልኩን ገለበጥኩት።» በጉልበቱ ወደቀ። «ባነሳ ኖሮ እመጣ ነበር። ብመጣ ኖሮ...»

እትዬ አልጮኹም። ቢጮኹ፣ ቢመቱት፣ ጥፋ ከፊቴ ቢሉት እፎይ ባለ ነበር። እጆቹን፣ ቀለም የማይለቃቸውን ጣቶቹን ትክ ብለው አዩ። እንባቸው ይወርዳል።

«ዛሬ ይቅር አልልህም» አሉ። «አልዋሽህም፣ አልችልም። ተነስ። ነገ ቀብር ነው፤ ከሬሳው ፊት የሚቆመው ልጅ ነው። ሌላ ልጅ የለውም።»

ተነሳ። በማግስቱ ሰው ሁሉ እያየው ከፊት ቆመ፤ ቀና ግን አላለም።