የወይራ አፋፍ ሥላሴ መልክ

ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ሲበተን፣ ሠዓሊው ቀጸላ ጫማውን ደጅ ላይ ያወልቅና መድረኩን ተሳልሞ ይገባል። ጥቂት እንደ ዘለቀ ቆም ይላል፤ ዐይኑ ጨለማውን እስኪለምድለት። የወይራ አፋፍ ሥላሴ ከገደል ጫፍ ላይ የተሠራ ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው። ብርሃን የሚገባው በበሮቹ ብቻ ነው፤ እሱም የውጭውን ዙሪያ አልፎ መካከል ካለው ከመቅደሱ ግድግዳ እስኪደርስ ድረስ ይደክምና ዐመድ መስሎ ያርፋል። ከዚያ ጨለማ ውስጥ መጀመሪያ የሚመጣው ሽታው ነው፤ የነደደ ጧፍ፣ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ የከረመ ጭቃ፣ የሌሊት ወፍ ኩስ። ቀጥሎ ድምፁ፤ ፀሐይ የነካው ቆርቆሮ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ጧ ይላል፤ ከጣሪያው የተንጠለጠሉት የሌሊት ወፎች በስሱ ይንጫጫሉ። ሥዕሉ የሚታየው ከሁሉ በኋላ ነው።

ሦስቱ በምዕራቡ ግድግዳ ላይ፣ በአንድ ዙፋን፣ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ቀይ ካባቸው፣ ለቡራኬ የተነሡት እጆቻቸው፣ ዙፋኑን የተሸከሙት አራቱ እንስሳ፣ ሁሉም ደህና ነው። ፊታቸው ግን የለም። ጣሪያው ለዓመታት ሲያፈስ ውሃው ወርዶ ያጠበው ልክ በዚያ በኩል ነበር፤ ከነጭ ጢም ጫፍና ከአክሊል ጠርዝ በቀር የተረፈ አልነበረም። ቀጸላ ከባሕር ዳር ድረስ የተጠራው እነዚያን ሦስት ፊቶች መልሶ ሊሥል ነው።

ከልጅነቱ ጀምሮ የሚተዳደረው በዚህ ሥራ ነው። ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ያለችው አንድ ልጁ ውዳሴ ናት፤ እሷም ብሩሽ የያዘችው ከእሱ ጉልበት ሥር ቁጭ ብላ ነው። ሥላሴን በሄደበት ደብር ሁሉ ሥሏል። እጁ የሚያውቀው አንድ ፊት ነበረው፤ ከመምህሩ የወረሰው፣ ዐይነ ለስላሳ፣ ጉንጨ ሙሉ ሽማግሌ። እዚህ ግን የመጣ ለት ቤተ ክርስቲያኑን የሚያስተዳድሩት ቄሰ ገበዝ ልሳኑ “እንደ ነበረው ሥራልን” አሉት።

“እንዴት ነበረ?”

ቄሰ ገበዙ ወደ ግድግዳው ቀና አሉ። “ግርማ ያለው ነው። ንጉሥ ነው የሚመስል። የተቆጣ ንጉሥ።”

“ኧረ ምን ቁጣ አለውና!” አሉ ምሳውን የሚያመጡለት መነኩሲት፣ እማሆይ ወለተ ሩፋኤል። “ቁርጥ አባቴን ነው ልጄ። ሳቂታ ገበሬ።”

“ሽማግሌም አይደል” አለ ዘበኛው አያ ጫኔ፣ ዱላውን ተደግፎ። “ጠጉሩ ነው እንጂ የነጣ፣ ፊቱስ የጎልማሳ ነው።”

ሦስቱም እዚያ ሥዕል ፊት ቆመው ያደጉ ሰዎች ናቸው። ቀጸላ ሳቅ አለ።

“ድሮስ አምላክን ማን አይቶት ያውቃል?” አሉ ቄሰ ገበዙ በመጨረሻ። “ሁሉም በልቡ ያለውን ነው የሚያይ። አንተም የለመድኸውን ሥራ።”

ግድግዳውን ጠራርጎ በኖራ ለሰነ፤ ሲደርቅለትም የመካከለኛውን ፊት በከሰል ነደፈ። የነደፈው የለመደውን ነበር። በቀለም ሲገባበት ግን እጁ ሌላ መንገድ ያዘ። ግንባሩ ሰፋ። አፍንጫው ወደ ግራ ዘመም አለ። የቀኝ ዐይኑ ቆብ ከግራው ይልቅ ወደቀ፤ ከከንፈሩ ጥግ ደግሞ፣ ሰው ሊናገር አስቦ ሲተው የምትቀረው ዓይነት ትንሽ እጥፋት ገባች። ሊያርመው ብሩሹን አነሣና ተወው። በዕድሜው እንዲህ ያለ ፊት ሠርቶ አያውቅም። ሥዕል አይመስልም ነበር፤ ሰው ነው የሚመስል፣ እሱ የማያውቀው፣ ግን የሆነ ቦታ ያለ ሰው። ያን ቀን ደስ ብሎት ለሥራው ካቆመው የእንጨት ርብራብ ወረደ።

በማግሥቱ ሕዝቡ ሊያይ ገባ። ቀጸላ ጫጫታ ነበር የጠበቀ፤ ሰዉ ግን ጎንበስ እያለ እጅ ነሣ። አንዲት ሴት እልል ልትል ጀምራ አፍዋን በነጠላዋ ሸፈነች።

“እሱ ነው” አሉ ቄሰ ገበዙ።

“ራሱ” አለ አያ ጫኔ።

“አንተማ ጎልማሳ ነው ብለኸኝ አልነበር?” አለ ቀጸላ እየሳቀ። “እማሆይስ? ሳቂታ ገበሬ፣ አባቴን ነው ያሉኝ?”

እማሆይ ዐይናቸውን ከግድግዳው ሳይነቅሉ “ታዲያ አባቴ ሌላ ምን ይመስል ነበር?” አሉት። የጠየቃቸው ነገር ግራ የገባቸው ይመስሉ ነበር።

ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሲሠራ መለካት አላስፈለገውም። ሦስቱ አንድ እንዲሆኑ ሠዓሊ የመጀመሪያውን በወረቀት ቀድቶ ነው የሚያትም፤ እሱ ወረቀቱን ሳያነሣው ጠጉር ከጠጉር፣ ሽብሽብ ከሽብሽብ ገጠሙ። ያኔ ደስታው ቀዘቀዘ። ርብራቡ ላይ፣ በፊቶቹ መካከል ተቀምጦ ሲሠራ፣ ከርጥቡ ቀለም ሌላ የሚሸተው ነገር ነበር፤ እህል ሳይነካ የዋለ ሰው አፍ ሽታ፣ ደረቅና ሞቅ ያለ፣ አንዴ በግራው በኩል አንዴ በቀኙ። ሲዞር ይጠፋል። አንድ ቀን ደግሞ ቀና ሲል ጣሪያው ባዶ ሆኖ አገኘው። የሌሊት ወፎቹ መቼ እንደ ሄዱ አላወቀም፤ የቀረው ዝምታ እንደ ጥጥ ጆሮውን ደፍኖት ዋለ። ቆርቆሮው እንኳ ጧ ማለቱን ተወ። ያን ሰሞን ብሩሹ ሸርተት ባለ ቁጥር፣ ከብሩሹ ድምፅ ቀጥሎ፣ ከግድግዳው ውስጥ አንድ ነገር ትንፋሹን እንደሚውጥ ይሰማው ነበር።

የአያ ጫኔን አፍንጫ ያየው ከዚህ በኋላ ነው። ዘበኛው ከበሩ ግንብ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ሲሞቅ፣ ቀጸላ ሊያልፈው ብሎ ቆመ።

“አፍንጫህን ምን ነካህ አያ ጫኔ?”

“ምን ሆነ?”

“ዘመም ብሏል።”

አያ ጫኔ አፍንጫውን በጣቱ ዳሰሰና “ስወለድም እንዲሁ ነኝ” አለ። የደፋው ኮፍያ ከነበረበት ወደ ኋላ ሸሽቶ፣ ሥሩ ያለው ግንባር ሰፊና ለስላሳ ነበር። ቀጸላ የቀለም ሽታ ራሴን አዙሮት ነው ብሎ አለፈ።

ከዚያ በሦስተኛው ቀን ይሁን በአራተኛው፣ እማሆይ ምሳውን አምጥተው ጎንበስ ብለው አቀረቡለት። የቀኝ ዐይናቸው ቆብ ወድቋል። ልጄ ብላ ይሉት የነበሩት ሴት “ይብሉ እንጂ” አሉት። እየቀለዱበት መስሎት ቀና ብሎ አያቸው። አልሳቁም። ከከንፈራቸው ጥግ፣ ሊናገሩ አስበው እንደ ተዉት ያለ እጥፋት ነበረች። ጉርሻው በአፉ ውስጥ እንጨት እንጨት አለው።

በሰንበት የሆነው ግን በቀለም ሽታ የሚመካኝ አልነበረም። ክርስትና ነበር። አጥር ግቢው ነጠላ ለብሶ ነጭ ሆኖ ሳለ፣ አንዲት ወጣት እናት ከክርስትና ቤት ወጣች፤ ፊትዋ ላይ ነጠላ ሸፈን አድርጋለች፤ ሕፃንዋን ታቅፋ በቀጥታ ወደ ቀጸላ መጣች።

“ይዩልኝ” አለች፤ የሕፃኑን መሸፈኛ ገለጥ አድርጋ። “ሥላሴን አይመስልም?”

ሕፃኑ አላለቀሰም። ገና ያልጠና አንገቱ ላይ ሰፊ የሽማግሌ ግንባር ነበር፤ አፍንጫው ወደ ግራ፣ የቀኝ ዐይኑ ቆብ ወደ ታች፤ ጥርስ የሌለው አፉ ጥግ ላይ እጥፋቷ። በተከፈተው ዐይኑ ቀጸላን አየው፤ ሕፃን ሰውን እንደሚያይ አልነበረም፤ ሰው ሠራተኛውን እንደሚያይ ነበር። ቀጸላ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ከአንድ ሰው ጋር ተጋጨ። ይቅርታ ሊጠይቅ ዞረ፤ ያው ፊት ነው። ከዚያ ኋላ፣ ከዛፉ ሥር፣ ከደጀ ሰላሙ፣ ሴቱም ወንዱም፣ በነጠላው ጥላ ውስጥ ያው ፊት። ቄሰ ገበዙ መስቀላቸውን ይዘው ቆመው ነበር፤ ከነመጠምጠሚያቸው ከግድግዳው የወረዱ ይመስሉ ነበር። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልተገረመም። ሁሉም በፍቅር ይመለከተው ነበር።

ያኔ ልጁ ትዝ አለችው። የወርቁ ቀለም አልቆበት ይዛለት እንድትመጣ ነግሯት ነበር፤ የምትመጣውም በዚያው ሰንበት ነው። ስልክ ወደሚይዝበት ወደ ገደሉ ጫፍ ሮጠ። ደወለ።

“ሃሎ፣ ማን ልበል?” አለች ውዳሴ። ነፋስ ይሰማል።

“እኔ ነኝ!”

“ይቅርታ፣ ማን?”

“አባትሽ ነኝ፣ ውዳሴ!”

“ውይ አባዬ! ቁጥሩን ሳላይ ነው ያነሣሁት፣ ድምፅህም ጠፋኝ እኮ። ጉንፋን ያዘህ እንዴ?”

“እንዳትመጪ። ያለሽበት ቁሚ፣ ተመለሽ!”

“ምን? ዳገቱን ጨርሻለሁ፣ ቆርቆሮው እየታየኝ ነው። አይሰማም አባዬ፣ ይቆራረጣል…”

ተቋረጠ። ደግሞ ደወለ፤ አልገባም። የልጁ ፊት በዐይኑ ላይ መጣ፤ የእናትዋ ጉንጭ፣ ከፊት ጥርሶችዋ መካከል ያለችው ፍንጭት፣ ከቅንድብዋ በላይ ያለችው ማርያም የሳመቻት ጥቁር ነጥብ። ሚስቱ ሞታ ሳትሞት የቀረችው በዚያ ፊት ነበር። ሊያጣው አይችልም። ወደ ልጁ እንዳይሮጥ መንገዱ በሰዎቹ መካከል ነው፤ እሱ ደግሞ በእነሱ መካከል ከማለፍ ሞቱን ይመርጣል። ያለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጁ ሳትደርስ ያን ፊት ከግድግዳው ማጥፋት። ቤተ ክርስቲያኑን ዞሮ በጎን በር ገባ፤ ጫማውን ሳያወልቅ፣ ሳይሳለም፣ ርብራቡ ላይ ወጣና ብረት መፋቂያውን ከመካከለኛው ግንባር ላይ ሰካ።

“ይቅር በለኝ” አለ። ለማን እንዳለው አያውቅም።

ቀለሙ ቅርፊት ቅርፊት እየሆነ ተላጦ ወረደ። ራሱ የለሰነው ኖራ ተከተለ። ውሃ አጥቦ የጨረሰው መስሎት የነበረው ግድግዳ ግን ባዶ አልነበረም፤ ከኖራው ሥር የሌላ ሰው እጅ የሠራው ሥዕል ነበር፣ የቆየ፣ የጠቆረ። አፍንጫው ወደ ግራ የዘመመ። ያንንም ፋቀው። ከሥሩ ደግሞ ከዚያ የቆየ፣ ዛሬ ማንም በማይበጠብጠው ቀለም የተሠራ፤ የቀኝ ዐይኑ ቆብ የወደቀ። እጁ እየደማ፣ አቧራው ጉሮሮውን እየዘጋው ፋቀ፣ ፋቀ፤ ጭድ ከተቀላቀለበት ጭቃ እስኪደርስ። ጭቃው ላይ ቀለም የሚባል አልነበረም። ሰፊ ግንባርና የተጣመመ አፍንጫ ግን ከውስጥ ወደ ውጭ ገፍተው ወጥተው ነበር፤ ሰው ጨለማ ውስጥ ሆኖ መጋረጃ ላይ ፊቱን ሲያስጠጋ እንደሚወጣው። ሙቀቱ መዳፉን ነካው። የጾመኛ አፍ ሽታ ፊቱ ላይ ተነፈሰ።

መፋቂያው ከእጁ አምልጦ ወለሉ ላይ ጮኸ።

“ይተዉት” አለ የአያ ጫኔ ድምፅ ከታች፣ በርኅራኄ። “ከእርስዎ በፊት የመጡትም ፍቀውት ነበር።”

ሰዎቹ መቼ እንደ ገቡ አልሰማም። በክቡ ዙሪያ፣ ብርሃኑ በማይደርስበት፣ ነጭ በነጭ ሆነው ቆመዋል። ቀጸላ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳደረገ ዐይኑን ጨፈነ። ከዚያ የበሩ መዝጊያ ሲጢጥ ሲል፣ የሚያውቀው ቀላል እርምጃ ሲገባ፣ የዕቃ መያዣ ከረጢት ወለል ላይ ሲቀመጥ ሰማ።

“አባዬ?” አለች ውዳሴ፣ ጨለማውን።

መዞር አልቻለም። ከዞረ ፊትዋን ያያል፤ ካየውም በኋላ የሚኖርበት ነገር አይኖርም። እንጨቱን ጨብጦ ቆየ። ደግማ ጠራችው፤ ድምፅዋ ፍርሃት ፍርሃት ሲለው ግን አላስቻለውም፣ ዞረ።

የእናትዋ ጉንጭ ነበር። ፍንጭቷም ነጥቧም እንዳሉ ነበሩ። አፍንጫዋ ቀጥ ያለ፣ ዐይኖችዋ እኩል፣ ከአቀበቱ የተነሣ ያላባት፣ የራስዋ፣ የልጁ ፊት። ቀጸላ ጮኾ ሊያመሰግን ፈልጎ ልቅሶው ቀደመው። እንባው በአቧራው ላይ እየወረደ ከርብራቡ ተንሸራቶ ወረደ፤ ሰዎቹም መንገድ ለቀቁለት። እጆቹን ዘርግቶ ሄደባት።

ውዳሴ ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች፤ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ለማያውቁት ሽማግሌ እንደሚደረገው ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችና፣ ከትከሻው በላይ ባዶውን ርብራብ እየቃኘች፣ “ይቅርታ አባባ፣ ሠዓሊውን ፈልጌ ነበር፤ አባቴ ነው፣ የት እንደ ሄደ ያውቃሉ?” አለችው።