ስድስተኛው ራኬት

አሰልጣኙ ከልምምድ ሜዳው አጠገብ ባለው የሲሚንቶ ደረጃ ሥር ሞቶ ሲገኝ ጎኑ ላይ አንድ የቴኒስ ራኬት ወድቆ ነበር። የማን እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። ጠርዙ የተፋፋቀ፣ ባለቤቱ በተናደደች ቁጥር መሬት ላይ ሲከሰከስ የኖረ፣ በግራ እጇ የምትጫወተውና «እሳቷ» የሚሏት ልጅ ራኬት ነው።

መርማሪዋ ስትደርስ ልጅቷ በካቴና ታስራ ነበር። የሥራ ባልደረቦቿ መርማሪዋን «ወይዘሮ ለምን» ይሏታል። ዛሬ ግን ከእሷ በፊት «ለምን?» ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም፤ ይህም ደሟን አፈላው።

«እጅ ከፍንጅ ነው» አለ የክለቡ ሥራ አስኪያጅ፣ ሰዓቱን እያየ። «ትናንት በሰው ፊት ሰድባዋለች። ከሰዓት የፍጻሜ ጨዋታ ስላለብን ቶሎ ቢጨርሱልን።»

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። ጠዋት እዚህ የነበረው ማን ነው?»

«ዘበኛው እንደሚለው እኔ፣ እሷ፣ «ግድግዳው» የምንለው ሌላው ተጫዋችና የራኬቶቹን ክር የሚወጥረው ራኬት ወጣሪው። ሌላ ሰው አልገባም።»

«አሰልጣኙስ ለምን ማልዶ መጣ?»

«ለዓመቱ የውጭ ውድድር ይዞ የሚሄደው አንድ ተጫዋች ብቻ ነው። ማንን እንደመረጠ ለሁለቱም ተጫዋቾች በየተራ ሊነግራቸው ነበር።»

ሐኪሙ ከሬሳው ቀና አለ። «የራኬቱ ጠርዝ ጆሮ ግንዱን አግኝቶታል። አንድ ምት ነው። የጨረሰው ግን ደረጃው ነው።»

እሳቷ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ጥርሷን ነክሳ ተቀምጣለች።

«ሰድበሽዋል?»

«አዎ፣ ሰድቤዋለሁ። ኳስ ስትጀምሪ ሰርቭሽ የፈሪ ነው አለኝ። እኔ ኳስ ካየሁ እመታለሁ፤ ወይ ይገባል ወይ ይወጣል። ያንን ራኬት ትናንት ደረጃው ላይ ወርውሬው ሄድኩ። ራኬት እሰብራለሁ፣ ሰው ግን አልሰብርም። ለእኔ አባቴ ማለት ነበር። ገድለሽው ነው የምታለቅሺው እያሉ ማልቀስ እንኳን ከለከሉኝ።»

ግድግዳው አግዳሚ ወንበር ላይ ፎጣ አንገቱ ላይ ጥሎ ተቀምጧል። ቀኝ መዳፉ በፋሻ ታስሯል።

«እጅህ ምን ሆነ?»

«ውሃ ቋጥሮ ፈነዳ። ቴኒስ ላይ ያለ ነው።»

«ስለ እሷ ምን ትላለህ?»

«እኔ ምን እላለሁ? ስትናደድ ራሷን አታውቅም። ልቧ ግን ጥሩ ነው፤ እባክዎ አይጨክኑባት።»

ለልጅቷ የሚማልድ ይመስላል፤ ግን በአንድ ትንፋሽ ወንጀለኛ አድርጓታል። መርማሪዋ ይህንን በልቧ ይዛ ወደ ራኬት ወጣሪው ሄደች።

«ጋሼ፣ ይህ ግድግዳው የምትሉት ልጅ እንዴት ነው የሚጫወተው?»

«እሱማ አይመታም። የመጣበትን እየመለሰ ሌላው እስኪሳሳት ይጠብቃል። የታገሰ ከሚስቱ ይወልዳል ነው ነገሩ። ራኬቱንም ማንም አይነካበትም፤ እጀታውን በጨርቅ የሚጠቀልለው ራሱ ነው።»

«የእሷንስ?»

«የእሷን እኔ ነኝ። የዚያን የወደቀውን ራኬት ጨርቅ ቀይርልኝ ብላኝ አልደረስኩበትም፤ ትናንት በላብ ጠቁሮ ነበር።»

መርማሪዋ የልጅቷን አምስት ራኬቶች ከቦርሳው አውጥታ ሬሳው አጠገብ ከተገኘው ጋር ደረደረቻቸው። የአምስቱም እጀታ ጠቁሯል፤ የስድስተኛው ጨርቅ ግን ነጭ፣ አዲስ ነው። ደግማ ስታያቸው የአምስቱ ጨርቅ ወደ አንድ ጎን፣ የስድስተኛው ወደ ሌላው ጎን ተጠምዝዟል።

አራቱንም ወደ ራኬት መወጠሪያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ካቴናውን አስፈታች፤ ከዚያ ለእያንዳንዳቸው ከልጅቷ ራኬቶች አሮጌ ጨርቁ የተላጠ አንድ ራኬትና አንድ ጥቅል አዲስ ጨርቅ ሰጠች።

«እነዚህ የእሷ ናቸው። ጠቅልሉልኝ።»

«ቀልድ ነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«እየቀለድኩ አይደለም። ይጠቅልሉ።»

የሥራ አስኪያጁ ጥቅል የተሰበረ ጣት መሰለ። ወጣሪው «የእሷ ከሆነ እንደ ግራኝ ወደ ግራ ነው» እያለ አጉረመረመና ጠቀለለ፤ እሷም እንደዚያው። ግድግዳው ከሁሉም ቀድሞ ጨረሰ። ጥቅሉ የሚያምር ነበር፤ በቀኝ ተጫዋች አጠማዘዝ።

«አመል ያወጣል ከመሃል» አለች መርማሪዋ፣ ስድስተኛውን ራኬት ከጎኑ እያስቀመጠች። ሁለቱ አንድ ነበሩ። «ጨርቁ ትናንት ጥቁር ነበር፤ ስለዚህ የቀየረው ገዳዩ ነው። ሥራ አስኪያጁ መጠቅለል አይችሉም። ጋሼ የእሷ መሆኑን ካወቁ በግራ ነው የሚጠቀልሉት፤ እሷም በግራ። የቀረው አንተ ነህ። ለምን ቀየርከው? ስትመታው መዳፍህ ፈንድቶ አሮጌው ላይ ደምህ ስለቀረበት። ፍታው፤ ሐኪሙ ያየዋል።»

ግድግዳው ፋሻውን አልፈታም።

«ስምንት ዓመት ጠብቅ አለኝ» አለ። «አትምታ፣ መልስ፣ ጠብቅ። ሁሉን ሆድ ይፍጀው ብዬ ጠበቅኩ። ዛሬ ጠዋት ምን አለኝ? አንተ መምታት አታውቅም፣ እሷን ነው ይዤ የምሄደው።» ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «ጠብቅ ያለኝ እኮ እሱ ራሱ ነው።»

«ተናድደህ መታኸው፤ እሱን ዳኛ ይየው» አለች መርማሪዋ። «እጀታውን የጠቀለልከው ግን ተረጋግተህ ነው። ከዚያ እሷ እስክትጮህ፣ እኛ እስክንሳሳት፣ ፎጣህን አንገትህ ላይ ጥለህ ቁጭ ብለህ ጠበቅክ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠራረገና ወደ ልጅቷ ዞረ።

«እንግዲህ እግዜር ይመስገን። የከሰዓቱን ጨዋታ ትችያለሽ አይደል?»

እሳቷ ካቴና ያቀላውን እጇን አየች፤ ከዚያ እሱን አየችው። መርማሪዋ ሊመጣ ያለውን ስድብ ጠበቀች፤ የሚገባው ነበርና ልትከለክላት አላሰበችም። ስድቡ ግን አልመጣም። ልጅቷ ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና ድምፅ አውጥታ፣ አባቷ እንደሞተባት ልጅ አለቀሰች።

መርማሪዋ ሥራ አስኪያጁን ክንዱን ይዛ አስወጣችውና በሩን ከውጭ ዘጋችላት።