በነጠላ የተጠቀለለው ሣጥን

ያመጣቸው አይሱዙ ጭቃውን ረጭቶባቸው ወደ ደባርቅ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ የእግርና የበቅሎ ነው። ስልክ ጠጋኙ ህሩይ ሣጥኑን የያዘውን የቆዳ ቦርሳ ከጀርባው አዘለ፤ በቅሎ ነጂው አያ ዳኛው የፀሐይ መብራቱን ሰሌዳ በቅሎዋ ላይ ጠፍረው አሰሩ። አስናቀች ግን ማንንም አልጠበቀች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ወገቧ ላይ የጠመጠመችውን ገመድ ዳበስ አድርጋ፣ ሽቅቡን ተያይዛዋለች።

«ኧረ ቀስ በይ አንች ልጅ! ተራራው እንደሆነ የትም አይሄድ!» አሏት አያ ዳኛው።

«ተራራውስ አይሄድም አያ። ወንዙ ነው የሚሞላው።»

እውነቷን ነበር። ሰኔ ገብቷል። ከመንደሯ ከጓሳ ሜዳ በታች ያለው ወንዝ አንዴ ከሞላ እስከ መስከረም ሰው አያሻግርም።

ልጆቼ፣ የዚህችን ሴት ችኮላ ልንገራችሁ። ጓሳ ሜዳ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች መንደር ናት። እዚያ የሚያድግ ልጅ ሁሉ ወደ አፋፉ ይሮጣል፤ እናት «ተመለስ!» ብላ ትጮኻለች፤ ልጁም ይመለሳል። የአስናቀች ልጅ ወንጌላዊት ግን ከተወለደች ጀምሮ ጆሮዋ አይሰማም። የወተት ጥርሷን መንቀል የጀመረች፣ እንደ ግልገል የምትዘል ልጅ ናት፤ የእናቷን ጩኸት ግን አታውቀውም። ባሏ ከሞተ ወዲህ እርሻውም እንጨት ለቀማውም የአስናቀች ሆነ። ወጥታ ለመግባት የቀራት ዘዴ አንድ ብቻ ነበር። የልጇን ወገብ በገመድ አስራ ከቤቱ ምሰሶ ጋር ታያይዛታለች። እያለቀሰች ታስራለች፣ እያለቀሰች ትፈታለች።

ወደ ጎንደር ስትመጣ ልጇን ለባሏ እኅት ለፍቅርተማርያም አደራ ሰጠች። ገመዱን ለሁለት ቆርጣ ግማሹን ልጇ ላይ ተወችው፤ ግማሹን ራሷ ታጠቀችው። «እሷ ታስራ እኔ ተፈትቼ አልሄድም» ብላ ነው።

በእጅ የሚነጋገሩ ሰዎች እንዳሉ፣ ትምህርቱም ስልክ ውስጥ እንዳለ ገበያ ላይ ሰምታ ነበር። ሰው እየጠየቀች አራዳ ከህሩይ ስልክ መጠገኛ ሱቅ ደረሰች። ህሩይ ያን ጊዜ ከሚፈታው ስልክ ዓይኑን የማያነሳ ሰው ነበር፤ ደንበኛውን በድምፁ እንጂ በፊቱ አያውቀውም።

«ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል፤ ከዚያ አውርጅው» አላት፣ አንገቱን እንደደፋ።

«ወንድምዓለም፣ እኛ አገር ኔትወርክ ለመፈለግ ዛፍ ላይ ይወጣል። ዛፉም አምና ተቆረጠ።»

«እንግዲያ ስልክሽ ላይ እጭንልሻለሁ።»

«እኔ ብቻ ባውቀው ልጄ ከማን ጋር ልታወራ ነው? ከእኔ ጋር ብቻ? እኔ የሞትሁ ለታስ?»

ያን ጊዜ ህሩይ ቀና አለ።

ሣጥኗን የሠራት እንዲህ ነው። ከአሮጌ ኮምፒውተር ዕቃ የተገጣጠመች፣ ባትሪዋን በፀሐይ የምትሞላ፣ ኔትወርክ በሌለበት አገር አጠገቧ ላለ ስልክ ሁሉ የያዘችውን የምታካፍል ሣጥን ናት። የእጅ ቋንቋውን ትምህርት ሞላባት፤ በዚያው የተማሪ መጻሕፍት፣ ስለ ነፍሰ ጡር፣ ስለ ድንች በሽታ፣ ያገኘውን ሁሉ ጨመረ። ፒያሳ ካፌ ያላት ኤልሳ ማለዳ ማለዳ ደንበኛ ሳይገባ ኢንተርኔቷን ለቀቀችለት። «አውርድ! ሰው ፊልም ሲያይበት ከሚውል ልጅ ትማርበት» አለችው። እግዜር ይስጣት፣ እጇ አይንጠፍ።

እንግዲህ ሽቅብ ወጡ። የአስታው ዛፍ ጫካ አለቀና ረጅሙ የደጋ ተክል ጅባራው በየሜዳው ብቻውን ቆሞ ጠበቃቸው። ነፋሱ ከገደሉ ሥር እየተነሳ ፊታቸውን ይገርፋል። ወዲያው ሰማዩ ጠቆረ፤ በረዶ ወረደ። የበቅሎዋን ጀርባ እንደ ከበሮ ደበደበው። መጠለያ የለ። ህሩይ ቦርሳውን መሬት አስቀምጦ በደረቱ ተኛበት፤ በረዶው ጀርባውን እስኪያቃጥለው ወቀጠው።

«ምነው ልጄ፣ ጀርባህስ?» ጮኹ አያ ዳኛው ከበቅሎዋ ሆድ ሥር።

«ጀርባ ይጠገናል አያ! ይችን ግን እዚህ የሚጠግናት የለም!»

ጀንበር ስታዘቀዝቅ በብርድ እየተንቀጠቀጡ ከአንድ ዋሻ ገቡ። እሳቱ ገና ሳይያያዝ ጅቦቹ መጡ። በቅሎዋ ጮኸች። አንዱ ጭኗን ነክሶ ሲጎትት አያ ዳኛው በዱላቸው ተያያዙት፤ ሌላው የቆዳው ሽታ ስቦት ቦርሳውን በማንገቻው ነክሶ ሽሽት ጀመረ። ህሩይ ዘሎ ቦርሳውን ከነሣጥኑ በሁለት እጁ ጨበጠ፤ ጅቡም አልለቅ አለ። እሱ ወዲህ፣ ጅቡ ወዲያ! አስናቀች የሚጨሰውን ጉማጅ አንስታ ከአፍንጫው ሰካችበት። ጅቡ ማንገቻውን ገንጥሎ ጠፋ።

«ቆዳውን ይብላው» አሉ አያ ዳኛው እያለከለኩ። «ትምህርቱን አልበላብንም። ተመስገን በል።»

ተመስገን ነው። ግን ሲነጋ በቅሎዋ ታነክሳለች፤ ቦርሳው ማንገቻ የለውም። አያ ዳኛው ሰሌዳውን እሳቸው አዘሉ። የሣጥኑ ነገር ከባድ ሆነ። ጉም ወርዷል፣ ካፊያ ያካፋል፣ መንገዱ የፍየል መንገድ ነው። ህሩይ የመሪጌታ ሐብተ ማርያም ልጅ ነው፤ በልጅነቱ ደብር ውስጥ አድጎ ዲቁና ተቀብሏል። ክቡር ዕቃ እንዴት እንደሚያዝ ያየው አንድ ዓይነት ብቻ ነው። ሣጥኑን ከራሱ ላይ አኖረው። እንዳይረጥብ ብላ አስናቀች ነጭ ነጠላዋን አውልቃ ጠቀለለችው፤ አያ ዳኛውም ጃንጥላቸውን ከላዩ ዘረጉ። ህሩይ አንገቱን አቅንቶ፣ ሳይወዛወዝ፣ አባቱ እንዳስተማሩት በዝግታ ተራመደ።

አያችሁት አይደል ልጆቼ?

ከጉሙ ውስጥ አንዲት ትንሽ መንደር ብቅ አለች። ድንች የሚኮተኩት ገበሬ ቀና ብሎ አያቸውና ዶማውን ጣለ፤ ጫማውን አወለቀ። አንዲት ሴት እልል አለች። እልልታው ከጎጆ ጎጆ ተዛመተ። እማማ እንኳየሁ የሚባሉ አሮጊት ጭቃው ላይ በግንባራቸው ተደፉ። ታቦት መጣ ብለው ነው! ወዲያው ጎረምሳው ከፊት መንገድ ጠራጊ፣ ሴቱ ከኋላ አጃቢ ሆነ።

ህሩይን ላብ አጠመቀው። «አያ፣ ኧረ ንገሯቸው!» አለ በሹክሹክታ።

«ዝም ብለህ ሂድ። ከፊታችን ካለው የቋጥኝ በር ላይ ቀማኞች አሉ ይባላል። ይሄን ሁሉ ሰው ይዘን እንለፍ።»

«ኃጢአት ነው እኮ!»

«ኃጢአቱ የእኔ ይሁን። ጃንጥላውን የያዝሁት እኔ ነኝ።»

ህሩይ ወደ አስናቀች አየ። እጇ ገመዱ ላይ ነበር።

ከሁለቱ ቋጥኞች መካከል ያለችው በር ላይ ጠመንጃ ያነገቱ ሰዎች መንገዱን ዘግተው ቆመዋል። ነጠላውንና ጃንጥላውን ሲያዩ ግን ክፉዎቹም ደነገጡ፤ ጠመንጃቸውን መሬት አስቀምጠው ተንበረከኩ። ጌቾ የሚሉት አለቃቸው ባርኔጣውን አወለቀ።

«የማን ታቦት ነው? ንገሩንና እንሳለም» አለ።

አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የምትፈለገው። «ሚካኤል» ቢል ያልፋሉ። ወንዙ ሳይሞላ ይደርሳሉ፤ ልጅቱ ትፈታለች። ህሩይ አፉን ከፈተ። አባቱ ከመቅደስ ሲወጡ የሚለብሱት ነጭ ልብስ ታየው። ጉልበቱን አጥፎ ሣጥኑን አወረደ።

«ታቦት አይደለም» አለ። «ስትሰግዱ ዝም ያልሁት ፈርቼ ነው። ይቅር በሉኝ።»

ጠመንጃዎቹ ከመሬት ተነሱ። ከኋላ ያለው ሕዝብ እንደ ንብ አጉረመረመ። «አላገጠብን!» አለ አንዱ ጎረምሳ ድንጋይ እያነሳ።

«ታዲያ ምን ተሸክመህ ነው ያሰገድኸኝ?» አሉ እማማ እንኳየሁ፣ ግንባራቸው ላይ ጭቃው እንዳለ።

መልሱን የሰጠችው አስናቀች ናት። ገመዱን ከወገቧ ፈትታ ወደ ላይ አነሳችው። «የዚህ ገመድ ግማሹ ልጄ ወገብ ላይ ነው እማማ። እንደ ጥጃ አስሬያት ነው የመጣሁ። አትሰማም። ይሄ ሣጥን የእጅ ቋንቋ ያስተምራል። ካወቀችው ከገደል በቃል እመልሳታለሁ፤ ካላወቀችው እስክታድግ በገመድ ናት።»

«ውሸት!» አለ ጌቾ። «ወርቅ ነው። ክፈተው!»

ህሩይ ነጠላውን ገለጠና ሣጥኗን አበራት። «ስልክህን ስጠኝ» አለው። ጌቾ እየተጠራጠረ ሰጠው። በዚያ ኔትወርክ በማያውቀው በር ላይ፣ በቀማኛው በራሱ ስልክ፣ አንዲት መምህርት ብቅ ብላ እጆቿን ታንቀሳቅስ ጀመር። ጌቾ ስልኩን ከጆሮው ለጠፈው፤ ነቀነቀው።

«ድምፁስ? ሰበርኸው አይደል!»

«ድምፅ የላትም። ራሷም አትሰማም። ግን እያወራችህ ነው፤ ፊቷን እየው።»

ጌቾ አየ። ሕዝቡም በትከሻው ላይ ተንጠራርቶ አየ። ድንጋይ ያነሳው ጎረምሳ ሳያስበው የመምህርቷን እጅ ተከትሎ ጣቶቹን አጠፈ፤ ድንጋዩ ወደቀ።

እማማ እንኳየሁ ተጠጉ። «እኔ የሰገድሁት ለፈጣሪ ነው፤ ስግደቴ የትም አልሄደብኝም» አሉ። «ፈጣሪስ ይቺን የታሰረች ልጅ ሳያያት ቀርቶ ነው? አንተ ልጅ፣ ሌላ ጊዜ ቶሎ ተናገር፤ ጉልበቴ አሮጌ ነው። አንተም ጌቾ፣ እናትህን አውቃታለሁ፤ መንገዱን ልቀቅ።»

ጌቾ ጢሙን አሻሸ። ዞር ብሎ የአያ ዳኛውን ጃንጥላ ነጠቀ። «ለታቦት ካልሆነማ ጃንጥላው ለእኔ ይሁን!» አለና በሩን ለቀቀ።

ያ ሕዝብ ግን አልተመለሰም። ለታቦት የጀመረውን ሽኝት ለልጅቱ ጨረሰው። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ውሃው ጭቃ መስሎ፣ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። የአስናቀች ገመድ እስከ ማዶ አይበቃም። ሴቶቹ መቀነታቸውን ፈቱ፤ መቀነት ከመቀነት፣ መቀነት ከገመድ ቋጠሩ። አንድ ዋናተኛ ጫፉን ይዞ ተሻገረና ከዛፍ አሰረው። አስናቀች ቀደመች፤ ሰሌዳውን ያዘለ ጎረምሳ ተከተለ። አያ ዳኛው ከታመመች በቅሏቸው ጋር ከወዲህ ቀሩ።

ህሩይ ሣጥኑን ከራሱ ላይ አድርጎ ገባ። ውሃው ጉልበቱን፣ ወገቡን፣ ደረቱን ያዘው። መሐል ላይ ድንጋዩ ከእግሩ ሥር ከዳው። ጭንቅላቱ ሰጠመ፤ ከውሃው በላይ የቀረው በአንድ እጁ የያዘው ነጭ ጥቅል ብቻ ነበር። «ያዙት!» የእማማ እንኳየሁ ድምፅ ገደሉን ሞላው። መቀነቱ ተወጠረ፤ አልተበጠሰም። እነዚያ ሴቶች ስንት ልጅ ያዘሉበት መቀነት ነው፣ እንዴት ይበጠስ! ህሩይ ጭቃ እየተፋ ወጣ። በማግስቱ ወንዙ ዳርቻውን ጥሶ ሞላ። እሱም ክረምቱን ጓሳ ሜዳ ቀረ።

ወንጌላዊት ምሰሶው ሥር ተቀምጣ ነበር። እናቷን ስታይ ዘላ ተነሳች፤ ገመዱ ያዛት። አስናቀች ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታችው።

ሣጥኗ ግን አልበራ አለች። ውሃ ገብቷታል፣ ሰማዩም ደመና ነው። ፍቅርተማርያም አሽሟጠጠች፦ «ለዚህ ነው እንግዲህ አገር የዞርሽው?» ህሩይ ፈታትቶ ደመናው ሲሰነጠቅ በምትወጣ ፀሐይ፣ በምድጃ ሙቀት አደረቃት። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ደመናው ተገለጠና ትንሿ አረንጓዴ መብራት ብልጭ አለች። ኧረ ተመስገን!

ከዚያ ወዲያ ከሰዓት በኋላ መንደሩ ስልክ ስልኩን ይዞ በአስናቀች ደጅ ይሰበሰባል። ልጆቹ ጨዋታ አደረጉት። ፍቅርተማርያም «እኔ አላውቅበትም» እያለች ከማጀት ተደብቃ ጣቷን ታጥፍ ነበር። የእጅ ቋንቋ የሚያነጋግሩትን ሰው ፊት ካላዩ አይገባም፤ ህሩይም አንገቱን መድፋት ተወ። ክረምቱ ሲያልቅ የመንደሩን ሰው ሁሉ በፊቱ ያውቀዋል።

አንድ ቀን ጉሙ ሲገለጥ ወንጌላዊት ግልገል እያባረረች ወደ አፋፉ ሮጠች። አስናቀች ከእርሻው መሐል ቀጥ አለች። ጩኸት አይሠራ፣ ገመድ የለ። ህሩይም ደርቆ ቀረ። ልጅቱ ግን አፋፉ ጋ ልትደርስ ስትል በዚያ ክረምት እንደለመደችው ዞር አለች። እጅ ፍለጋ ነው የዞረችው። አስናቀች ሁለት እጇን አነሳች፦ «ቁሚ። ገደል ነው። ነይ።» ወንጌላዊት ቆመች። «ግልገሉስ?» አለች በእጇ። «ራሱ ይመጣል» አለች እናት። ልጅቱ ተመለሰች።

መስከረም ላይ ወንዙ ሲጎድል ህሩይ ተሻገረ። አያ ዳኛው የዳነች በቅሏቸውን ይዘው ከማዶ ጠብቀውታል። አስናቀች ሁለቱን የገመድ ቁራጮች አንድ ላይ ቋጥራ በህሩይ እጅ ለሳቸው ልካለች።

«ጃንጥላ ሰጥቼ ገመድ አገኘሁ» አሉና ጭነት አሰሩበት።

ከማዶ ሕዝቡ ለሽኝት ወጥቶ ይጮኻል፤ ምርቃት ይሁን አደራ፣ የወንዙ ድምፅ ውጦት አንዲት ቃል አይሰማም። አያ ዳኛውም «ምን አላችሁ?» እያሉ ይጮኻሉ፤ እሱም አይሰማም። ሰው ሁሉ የማይሰማ ሆነ። ያን ጊዜ ወንጌላዊት ከድንጋይ ላይ ወጥታ እጆቿን አንቀሳቀሰች። ህሩይ አይቶ ቆመ፤ የራሱንም እጆች አነሳ።

«ምን አለችህ?» አሉት አያ ዳኛው፣ ከጆሮው ተጠግተው።

«አመሰገነችኝ።»

«አንተስ?»

«እኔም አመሰገንኋት» አለ፤ ዓይኑንም ከልጅቱ አላነሳም።