የንጉሡ ልጅና ፖስተኛው

አባቴ የእንግሊዝ ንጉሥ ነው። ይህን የምለው እኔ ሳልሆን እሱ ነው። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ግንብ ውስጥ ታስሮ ሞተ የተባለው ልጅ ልዑል አልሞተም፤ አምልጦ፣ ስሙን ቀይሮ፣ ጫማ እየሰፋ ወልዶ ከብዷል፤ የዘሩም መጨረሻ እኛ ነን ይላል። ማስረጃው በአያቱ መጽሐፍ ቅዱስ የኋላ ገጽ ላይ የተጻፈ የትውልድ ሐረግ ነው። እንጀራው ግን ሹፌርነት ነበር፤ ከመንደራችን ከኦልድካም እስከ ገበያው ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ወጣ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል። የእኔ አባት ሳይሾም የተሻረ ስለሆነ ቁጭቱ የባሰ ነው።

እናቴ በሕይወት ሳለች «በል ንጉሥ ሆይ፣ ቆሻሻውን አውጣ» ትለው ነበር፤ እሱም እየሳቀ ያወጣል። እሷ ከሞተች ወዲህ የሚያስቀው ጠፋ። ከእኔና ከዙፋኑ በቀር ምንም አልቀረውም።

ኔቪልን ያወቅሁት በዚሁ በዙፋን ጣጣ ነው። አባቴ በየወሩ ለቤተ መንግሥቱ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ከዚያም አንድ ትሑት ጸሐፊ «ደብዳቤዎ ደርሶናል» ብሎ ይመልስለታል። አንድ ቀን አዲስ ፖስተኛ መልሱን ይዞ መጣ። የካቲት ነው፣ ውርጭ ነው፣ እሱ ግን በቁምጣ ነው።

«ለሚስተር ኦስበርት ካርዲው» አለ።

«እንደዚህ የሚባል ሰው እዚህ የለም» አለ አባቴ ከሳሎን። «ማዕረጉን አስተካክለው ይጻፉ!»

ፖስተኛው አየኝ፤ እኔም አየሁት። መሳቅ አምሮታል፤ ግን አልሳቀም። ለአባቴ ክብር ሲል የዋጣትን ያቺን ሳቅ እዚያው በሩ ላይ ወደድኳት።

«እንግዲህ ነገ እሞክራለሁ» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ነገም አይቀበልም።»

«አውቃለሁ» አለ፤ ጆሮው እስኪቀላ ድረስ አፍሮ።

አራት ቀን ተመላለሰ። በአምስተኛው ቀን ደብዳቤውን ተቀበልኩትና ቅዳሜ ወንዙ ዳር አብረን ተራመድን። ብዙም አላወራንም። ዝምታው የማያስጨንቅ ሰው ስታገኝ እንዴት ያሳርፋል! አሮጌው ድልድይ ላይ ስንደርስ «ቀዘቀዘሽ?» አለኝ። አልቀዘቀዘኝም ነበር። ቀዘቀዘኝ አልኩት።

ነገሩ የተበላሸው አዲሱ ንጉሥ ዘውድ በጫነ ቀን ነው። ኔቪል ከቤተ ክርስቲያናችን ስድስት ደዋዮች አንዱ ነው፤ በዚያን ቀን ደግሞ የአገሩ ደወል ሁሉ ይደወላል። አባቴ መስኮቱን ዘግቶ፣ መጋረጃውን ጋርዶ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቀመጠ። የመጨረሻው ደወል ዝም ሲል ወደ እኔ ዞረ።

«ያ ልጅም አለበት?»

«አለበት፣ አባዬ።»

«ወንበሬ ላይ ለተቀመጠ ሰው የደወለ፣ ልጄን አያገባም።»

ኔቪል ግን ያን ሰሞን እንድንጋባ ጠይቆኝ ነበር፤ እኔም እሺ ብዬ ነበር።

እናቴ በተቀበረችበት ቤተ ክርስቲያን ለመጋባት ወሰንን። በቤተ ክርስቲያን የሚጋቡ ሰዎች ስማቸው ሦስት እሑድ በምእመናን ፊት ይነበባል፤ ተቃውሞ ያለው ካለም ይናገር ይባላል። ተናግሮ የሚያውቅ የለም። በመጀመሪያው እሑድ ቄስ ሂልዳ ስማችንን አንብበው ቀና ሲሉ ከጎኔ ወንበሩ ሲጢጥ አለ። አባቴ ቆሟል።

«ይህ ጋብቻ አይፈጸምም!»

«ምክንያትዎን ይንገሩን» አሉ ቄሷ በለሰለሰ ድምፅ።

«የንጉሥ ልጅ ያለ ንጉሥ ፈቃድ አታገባም። ንጉሡ ደግሞ አልፈቀደም።»

መጀመሪያ አንድ ሰው አፍኖ ሳቀ፤ ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ሳቀ። ከኋላ ዳቦ ጋጋሪው «ግርማዊነትዎ፣ ዘውዱን አውቶቡሱ ላይ ረሱት እንዴ?» ሲል ሰማሁት። አባቴ ፊቱ አመድ መሰለ። ቁጭ ሲል ድንገት ያረጀ መሰለኝ። ተናድጄበት ነበር፤ ሳቃቸው ግን ከንዴቴ በላይ አቃጠለኝ።

ቄስ ሂልዳ በኋላ ለብቻዬ ነገሩኝ። «ልጄ፣ የእሱ ነገር በሕግ አያግድም፤ አንብቤ እጨርሳለሁ። ግን በተነሣ ቁጥር ምክንያቱን በሰው ፊት መጠየቅ ግዴታዬ ነው።»

በሁለተኛው እሑድም ተነሣ። ሰው ለሳቁ ሲል ከጎረቤት መንደር ሳይቀር መጥቶ ነበር።

የዚያን ቀን ከሰዓት ኔቪልን መቃብሩ አጥር ሥር አገኘሁት።

«ሦስተኛው እንዳይነበብ» አልኩት። «አልችልም። ሰው ሁሉ እየሳቀበት እኔ ነጭ ልብስ አልለብስም።»

«ሌላ ቦታ እንጋባ። በማዘጋጃ ቤት።»

«እሱ በሌለበት?»

ዝም አለ። ይህኛው ዝምታ ያስጨንቅ ነበር።

«እንግዲህ ልትተይኝ ነው?» አለ በመጨረሻ።

«እወድሃለሁ» አልኩት። እያለቀስኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሐሙስ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ኔቪል ነበር፤ ደብዳቤ ግን አልያዘም፤ አባቴ ከፈተለት። እኔ ወጥ ቤት ሳህን እያጠብኩ ነበር፤ ውሃውን ዘጋሁት።

«ሚስተር ካርዲው፣ ሮዊናን እንዲሰጡኝ ልለምን መጥቻለሁ» አለ ኔቪል።

«ለዚያ ሰውዬ ደውለሃል።»

«ደውያለሁ። ነገም ቢሉኝ እደውላለሁ። እርስዎ ንጉሥ መሆንዎንም አላምንም፤ ቢቆጡም ከምዋሽዎት ብዬ ነው።»

ጨረሰው፣ አልኩ በልቤ፤ በቃ ጨረሰው!

አባቴ ግን በሩን አልዘጋበትም። «ንጉሥ ካልሆንኩ ፈቃዴ ምን ያደርግልሃል? ሕጉ እንደሆነ አይጠይቅህም።»

«ሕጉ አይጠይቅም። እሷ ግን እርስዎ ከተዋረዱ አታገባም፤ እኔም እያለቀሰች አላገባትም። የምለምነው የንጉሥ ፈቃድ አይደለም፤ የአባቷን ነው።»

«ባልሰጥህስ?»

«ቄሷን ሦስተኛውን እንዳያነቡ እነግራቸዋለሁ። እርስዎም መነሣት አይኖርብዎትም፤ ማንም አይስቅብዎትም።»

አባቴ «ሂድ» አለው፤ ቁጣ ግን አልነበረበትም። ቀጥሎም፣ ኔቪል ደጁ ላይ ሲደርስ፣ «ለቄሷ ምንም እንዳትል» ብሎ ጮኸበት።

እንዳይናገር የከለከለው ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ሦስት ቀን ሙሉ አባቴ ስለዚህ ነገር አልተነፈሰም፤ እኔም መጠየቅ ፈራሁ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞላ። ቄስ ሂልዳ ስማችንን ሦስተኛ ጊዜ አነበቡ። ተቃውሞ ያለው ይናገር አሉ፤ ሲሉም እኛ ወዳለንበት ላለማየት እየጣሩ ነበር። ኔቪል ከወዲያኛው ጥግ አንገቱን ደፍቷል።

አባቴ ተነሣ። ዳቦ ጋጋሪው አስቀድሞ ፈገግ አለ። አባቴ ጃኬቱን ቆለፈ፤ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ኦስበርት ካርዲው እባላለሁ» አለ። «ጡረታ የወጣሁ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ። የሙሽራዪቱ አባት ነኝ። ሌላ ምንም አይደለሁም። ልጁ ደግ ልጅ ነው፤ ተቃውሞ የለኝም።»

ብሎ ተቀመጠ።

አንድም ሰው አልሳቀም። ዳቦ ጋጋሪው የመዝሙር መጽሐፉን አቀርቅሮ ማገላበጥ ጀመረ። ኔቪል ከዚያ ጥግ ሆኖ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ እንባውን በመዳፉ ጠረገ። እኔ የአባቴን እጅ ያዝኩ፤ ቀዝቅዞ ነበር። በሰው ሁሉ ፊት ምን አውልቆ እንዳስቀመጠልኝ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። በዕድሜዬ ብዬው የማላውቀውን ቃል በጆሮው አልኩት።

«አመሰግናለሁ፣ ግርማዊነትዎ።»

ወደ ፊት እንዳየ፣ እጄን ጭብጥ አደረገው።

«ዝም በይ» አለኝ በሹክሹክታ። «ቄሷ እየጸለዩ ነው።»